ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈጠራ የት ጋ ነው የሚቆመው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው። አጠገቤ ያሉት ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ላፕቶፓቸው ላይ አቀርቅረዋል። አንዱ ለጓደኛው የሠራውን መተግበሪያ ያሳየዋል። እነሱን ሳይ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና ልጠይቃችሁ ፈለግኩ።

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች እኩል በጀት፣ እኩል መምህር፣ እኩል ተማሪ አላቸው እንበል። አንዱ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ያወጣል። ሌላው ወረቀት ብቻ ያወጣል። ለምን? ብዙ ሰው ገንዘብ ነው ይላል። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ሐሳብ ሞልቷል። ገንዘብም አንዳንዴ ይመጣል። ነገሩ የሚቆመው መሀል ላይ ነው። በተመራማሪው ጠረጴዛና በተጠቃሚው ቤት መሀል።

አንድ የማስተርስ ተማሪ ነበረን። የመቂ ልጅ ነው። ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፤ ጥርሱ ቡናማ ነው። ስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የጉድጓዱ ውሃ ጥርስ የሚያቀልም ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እዚያ አካባቢ ከዚህ እጥፍ በላይ የሆነ ጉድጓድ ብዙ ነው። ልጁ ከአልሙኒየም ውህድ ለውሃ ማጣሪያ የሚሆን፣ ፍሎራይድ የሚይዝ ዱቄት እየሠራ ነበር። ዱቄቱ ይታጠባል፣ ሴንትሪፊዩጅ የሚባል ማሽን ላይ ይሽከረከራል፣ እንደገና ይታጠባል። ይህ ካልተደጋገመ አይጠራም።

አንድ ቀን ሴንትሪፊዩጁ ቆመ። ፈታሁት። የሞተሩ ካርቦን አልቋል። መብራት ወደሚዞረው ክፍል የምታሻግር፣ የጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ቁራጭ ናት። ግዢ ክፍል ጥያቄ አስገባን። መጀመሪያ ዝርዝር መግለጫ አምጡ ተባለ። ቀጥሎ ሦስት ፕሮፎርማ ተባለ። የዚያን ማሽን መለዋወጫ የሚያስመጣው ግን አንድ ነጋዴ ብቻ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ይምጣ? ሰባት ወር ሄደ።

በሰባተኛው ወር መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። አንድ አባት አሮጌ ሞተርና ብሎን ሸራ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ያለቀችውን ቁራጭ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን ዞረው አገላብጠው አዩዋት። የግራይንደር ካርቦን አነሡና በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉ ጀመር። ፈግፈግ፣ ለካ፣ ፈግፈግ፣ ለካ። እጃቸው እስከ አንጓው ጠቆረ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። የከፈልኩት የሁለት ምሳ ዋጋ ነው። ደረሰኝ ስለሌለው ከኪሴ ወጣ። ማሽኑ በዚያው ቀን ዞረ። የልጁ ጊዜ ግን አልቋል። ባለው ውጤት ጽፎ ተመረቀ። ማጣሪያው እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ፣ ካርቶን ውስጥ አለ።

እናንተ ጋስ የት ጋ ነው የሚቆመው?

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም ከጽሑፌ ሥር ያለው ውይይት፣ ረዘመ። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ መልሶቹን በራሴ ቃል አሰባስቤአለሁ። ቁጥሩ የመልሱ ተራ ነው።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። እሷ ጋ የሚቆመው ኬሚካል ላይ እንደሆነ ነገረችን። ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን አቅርቦ ሲጸድቅለት ኬሚካሉ ይታዘዛል። ኬሚካሉ ሲደርስ ተማሪው ተመርቋል። ቀጣዩ ተማሪ ሌላ ርዕስ ይዞ ይመጣል። የፊተኛው ኬሚካል ሳይከፈት ጊዜው ያልፍበታል። አሁን ጊዜ ያለፈበትን ኬሚካል እንዴት እናስወግድ የሚል ኮሚቴ ውስጥ መግባቷንም ጨመረች።

2. ሁለተኛው የኢኮኖሚክስ ሰው ነው። ጥያቄዬን አርሞ ጀመረ። ቅልጥፍናና ብዛት ለየቅል ናቸው አለ። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ስላወጣ ቀልጣፋ ነው ማለት አይደለም። ምሳሌው እንጀራ ጋጋሪዎች ነበሩ። ለሁለት ሴቶች እኩል ዱቄትና እኩል እንጨት ስጧቸው። አንዷ ሃምሳ ብታወጣ ሌላዋ ሠላሳ ብታወጣ፣ ሠላሳ ያወጣችው ዱቄት አነሰኝ ማለት አትችልም። ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ሐሳብ ሒሳብ አደረጉት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያወዳድሩ ብዙ ጥናቶች በዚያ መንገድ ይሄዳሉ። በአንድ በኩል መምህሩን፣ ገንዘቡን፣ መሣሪያውን ያስገባሉ። በሌላ በኩል ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን)፣ ጽሑፉን፣ ውሉን ይቆጥራሉ። ከተሰለፉት ምርጡን መለኪያ ያደርጉና ሌላውን ከእሱ ጋር ያስተያያሉ። የዘዴውንም ድክመት አልሸሸገም። የሁሉም ምጣድ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ከተሰነጠቁት የተሻለችው ሙሉ ነጥብ ታገኛለች።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚህ ቆጠራ የእኛ ሴንትሪፊዩጅ ከሚገቡት ነገሮች በኩል ይመዘገባል። ንብረት ክፍል ቁጥር ለጥፎበታላ። ሰባት ወር ሲቆም የሚያይ ዓምድ ግን የለም።

3 እና 4. ሦስተኛው ልጅ ፓተንት መቁጠር ለእኛ አገር ዋጋ የለውም ብሎ በአጭሩ ጣለው። የሕግ ባለሙያዋ አራተኛ ሆና መጣችና ተቃወመችው። የፈጠራ አዋጁ ቁጥር 123/1987 መሆኑን፣ ፓተንት ለ15 ዓመት እንደሚሰጥና እዚሁ አገር ሥራ ላይ ከዋለ ለ5 ዓመት ሊራዘም እንደሚችል አስረዳች። ቀጥላ ለተመራማሪዎች ማስጠንቀቂያ አስቀመጠች። ግኝትህን ቀድመህ ኮንፈረንስ ላይ ካቀረብክ ወይም ጆርናል ላይ ካወጣህ፣ በብዙ አገር ሕግ አዲስ መሆኑ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የእኛ መምህር ደግሞ ዕድገት የሚያገኘው በታተመ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያሳትማል፣ ስለ ፓተንቱ ኋላ ያስባል። ይህንን ማንም እንዲህ በግልጽ ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

5. አምስተኛው መላሽ የእንዶድን ታሪክ አነሣ። ክሩ የሞቀው ከዚህ ወዲህ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። መድኃኒቱ እዚያው በሴቶቹ እጅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ውጤቱ እዚህ አገር ቢገኝም፣ ደኅንነቱ በውጭ ቤተ ሙከራ ተመርምሮ እስኪጸድቅ ድረስ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሊደግፉት አልፈለጉም። ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ሽልማቱ የመጣው ከግኝቱ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑን መላሹ አስምሮበታል። ኋላም በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ፓተንት አደረገው ብሎ ዘጋ።

6. ስድስተኛዋ ይህን የመጨረሻውን አረመች። ፓተንቱ በተክሉ ላይ አይደለም። እንዶድ ዜብራ መስል በምትባል፣ የሜዳ አህያ መሳይ ዥንጉርጉር ዛጎል ባላት፣ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ተዛምታ የውሃ ቱቦ በምትደፍን ፍጥረት ላይ በሚውልበት መንገድ ላይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አለች። ግን ተክላችን ተሰረቀ ብለን ስንቆጭ ዋናው ነገር ያመልጠናል። የሐይቁ ችግር እነሱ ደጃፍ ነበር። መሞከሪያ ገንዳውም፣ ፓተንት የሚጽፈውም ሰው እዚያው አለ። የቢልሃርዚያው ችግር እኛ ደጃፍ ነበር። መርማሪው ቤተ ሙከራ ግን ባሕር ማዶ ነው።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ ያነበብኩት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። የእኔ ካርቦን ትንሽ ናት፣ የዶክተር አክሊሉ ነገር ትልቅ ነው። የቆሙት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው።

7. ሰባተኛው ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። እሳቸው ወጣት መምህር ሳሉ በሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ቶርኖ ያለው ወርክሾፕና መስታወት የሚነፋ ባለሙያ ነበር። የተሰበረ ኮንደንሰር ጠዋት ከሰጡት ከሰዓት ይመልሰዋል። እንዲያውም ተማሪዎቹ የሚፈልጉትን ቅርጽ ወረቀት ላይ ስለው ይዘውለት ይሄዱ ነበር። ባለሙያው ጡረታ ሲወጣ ቦታው በሌላ ሰው አልተሞላም። የሥራ መደቡ መዋቅር ውስጥ የለም ተባለ። ፕሮፌሰሩ ያ ሰው ከሄደ በኋላ እሳቸው ራሳቸው አዲስ መሣሪያ ማሰብ እንዳቆሙ ጽፈዋል። በካታሎግ ውስጥ ያለውን ብቻ ያስቡ ጀመር። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም አልኩ። ጋሼ፣ ስለጻፉልን ከልብ አመሰግናለሁ።

8. ከዚያ ክሩ መረረ። ስምንተኛው የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ነኝ አለና በእኔ ላይ ተነሣ። የግራይንደር ካርቦን ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ መክተት ጀብዱ አይደለም፣ ጥፋት ነው ብሎ ጻፈ። ካርቦን ጥንካሬው ይለያያል። ያልሆነው ከገባ ካርቦኑ የሚያርፍበትን መዳብ ይበላዋል፣ እሳት ይረጫል፣ ፍጥነቱም ይዛባል። ከዚያ በኋላ በዚያ ማሽን የሚገኘውን ውጤት ማን ያምናል? ይህን እንደ ጥሩ ምሳሌ ማቅረብህ ያሳፍራል አለኝ።

እውነቱን ነው። መልስ ሰጥቼዋለሁ። ካርቦኗን ከከተትኩ በኋላ ፍጥነቱን ለክቼ መዝግቤአለሁ፣ በየሳምንቱም እየከፈትኩ መዳቡን አይ ነበር። ቢሆንም ትክክለኛው መንገድ እሱ እንዳለው ነው። ነገር ግን ትክክለኛው መንገድ ሰባት ወር ሲዘጋ ቴክኒሻን ምን ያድርግ? ይህንን መልሼ ጠየቅኩት። እሱም ሦስት የመለዋወጫ ካርቦን ከማሽኑ ጋር አብሮ በመጀመሪያው ግዢ መጠየቅ እንደነበረበት ነገረኝ። ጥሩ ምክር ነው። ከዚያ ወዲህ በእኔ እጅ ያለፈ የግዢ መግለጫ ሁሉ መለዋወጫ ተጽፎበታል።

9. ዘጠነኛው ግን ማሽኑን ትቶ ሰው ላይ ወጣ። መምህራን ምርምር የሚሠሩት ለአበል ነው፣ ሆቴል ስብሰባ እንጂ ላቦራቶሪ አይገኙም ብሎ ፈረደ።

10. አሥረኛው መምህር ነው። ደሙ ፈልቶ ነው የጻፈው። ቀን በመደበኛው፣ ማታ በኤክስቴንሽን ያስተምራል። ቅዳሜና እሑድም ሌላ ቦታ ክላስ አለው። ካልሆነ የቤት ኪራይ አይሸፈንም። የአንድ መቶ ሃምሳ ተማሪ ፈተና ያርማል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ምርምር አድርግ ብትለኝ በየትኛው ጭንቅላቴ? ብሎ ጠየቀ። ዘጠነኛውንም በቃል አልማረውም።

11ኛውና 12ኛው ስድብ ስላለባቸው አላነሣቸውም። 13ኛዋ ገላገለች። ዘጠነኛውም አሥረኛውም እውነት ይዘዋል አለች። መምህሩ ለዕድገት የሚቆጠርለት ጽሑፍ ነው። ለኪሱ የሚደርሰው አበል ነው። የገበሬ ቤት ውስጥ ማጣሪያ ቢተክል በየትኛውም ቅጽ ላይ የሚሞላበት ሣጥን የለም። ሰው የሚቆጠርለትን ይሠራል። እኔም ይህ የሰው ጥፋት ነው ብዬ አላምንም።

14. አሥራ አራተኛው አሜሪካ የሚማር ልጅ ነው። መፍትሔው ሕግ ነው ባይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባይ-ዶል የተባለውን ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት በመንግሥት ገንዘብ የተገኘ ግኝት የመንግሥት ነበር። መንግሥት 28 ሺህ ገደማ ፓተንት ይዞ ለሥራ የተሰጠው ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም ነበር። ሕጉ ባለቤትነቱን ለዩኒቨርሲቲዎች ሰጠ። ስታንፎርድ በጎግል ፈጠራ ምክንያት ያገኘውን አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2005 ሸጦ 336 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። እኛም ይህን ሕግ ብንገለብጥ ይለወጣል ብሎ ያምናል።

15. አሥራ አምስተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ጎግል አንድ ነው፤ የብዙ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ ወጪውን እንኳ አይሸፍንም። ኖርዌይን እይ አለው። እዚያ ፕሮፌሰሩ የግኝቱ ሙሉ ባለቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሕጉ ተቀየረና ሁለት ሦስተኛው ለዩኒቨርሲቲው፣ አንድ ሦስተኛው ለፕሮፌሰሩ ሆነ። ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚያቋቁሙት ድርጅትም የሚያስመዘግቡት ፓተንትም በግማሽ ገደማ ወረደ። ስለዚህ ቁም ነገሩ የሕጉ መኖር አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ የሚሠራው ሰው ድርሻው ስንት ነው የሚለው ነው።

16. የእርሻ ተመራማሪዋ ደግሞ አገር ቤት ውስጥ የተሳካ ነገር እያለ ምነው ውጭ ውጭ አላችሁ ብላ ገሠጸችን። የቁንጮ ጤፍን ነገር አመጣች። ደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀ ነው። አንዱ ወላጁ ብዙ ምርት ይሰጣል፣ ቀለሙ ግን ገበያ ላይ አይወደድም። ሌላው ነጭ ነው፣ ሰው ይወደዋል፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ሁለቱን አጋቧቸው። ገበሬው ነጭ ጤፍ እንደሚፈልግ ቀድሞ ተጠይቆ ነበር ማለት ነው። ዘሩንም ያባዙት ራሳቸው ገበሬዎች ናቸው። ለዚህ ነው መደርደሪያ ላይ ያልቀረው። አንድ ሰው ወዲያው ገብቶ፣ ያ እኮ የምርምር ማዕከል ነው፣ ዩኒቨርሲቲ አይደለም አላት። እሷም ልዩነቱ እዚያው ላይ ነው ብላ መለሰች። ማዕከሉ ከገበሬው ማሳ አጠገብ ነው።

ከ17 እስከ 20 ክሩ መንገድ ሳተ። ጤፍ ሲነሣ የጤፍ ዋጋ ተነሣ። ቀጥሎ የኔዘርላንዱ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘው ፓተንት ተነሣ። አንዱ እስከ ዛሬ የእነሱ ነው ሲል ሌላው የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ኔዘርላንድ ውስጥ እንዳፈረሰው አስታወሰው። 20ኛው ግን ሳያስበው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ነበረው። የተማሪዎቹን የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚያስነሣለት እሱ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ ሰውየው ወዴት እንደሄደ አላወቀም። ስልኩም አይሠራም። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ወርክሾፕ ስለሌለው ወርክሾፑ ያ ሰው ነበር ብሎ አዘነ። እኔም አዘንኩ። ከአምስት ኪሎ በእግር የሚደረስበት ባለሙያ ማለት ለአንድ ተማሪ ስንት ቀን እንደሚያተርፍ የሚያውቅ ያውቀዋል።

21. ሃያ አንደኛዋ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ናት። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ግራፊንን፣ ማለትም የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን የካርቦን ንጣፍ፣ ከግራፋይት ላይ በስኮች እየላጡ ማግኘታቸውን ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። እሷን የገረማት ስኮቹ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ዓርብ ዓርብ ማታ ማንም ያላዘዛቸውን ነገር የሚሞክሩበት ጊዜ ነበራቸው። እሷ ላቦራቶሪ የምትገባው በፕሮግራም ነው። መመሪያው ላይ ያለውን ትሠራለች፣ ሰዓቱ ሲሞላ በሩ ይቆለፋል። ቁልፉ ደግሞ በቴክኒሻኑ እጅ ነው አለች። ይህች ቃል ለእኔ ነበረች። እህቴ፣ እውነትሽን ነው፤ እኔም ቆልፌ እሄዳለሁ። ዕቃ ከጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንድ መምህር ፈርሞ ከወሰደልኝ ግን ዓርብ ማታ እስከ ሁለት ሰዓት ከፍቼ እቆያለሁ። ለክፍል ኃላፊው ማመልከቻ ሰኞ አስገብቻለሁ።

22. ሃያ ሁለተኛው በ2015 ዓ.ም. የወጣው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅደው የራስ ገዝ አዋጅ ነገሩን ይፈታዋል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል፤ ሌሎቹም ይከተላሉ። ዩኒቨርሲቲው ግዢውን ራሱ ካስተዳደረ ሦስት ፕሮፎርማ ይቀራል ባይ ነው። የሕግ ባለሙያዋ ተመልሳ ነፃነቱ ከላይ እንደሚሰጥ፣ ወደ ትምህርት ክፍሉና ወደ ላቦራቶሪው ካልወረደ ግን ወረፋው ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ብቻ እንደሚዛወር ጻፈች። እኔም በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ።

23. በመጨረሻ የኢኮኖሚክሱ ሰው ተመልሶ መጣ። ስለ ቆመው ማሽን ያልኩትን አንብቦታል። ያ ዓምድ የሌለው የሞላው ሰው ስለሌለ ነው አለ። ከዚያ ጥያቄ ጠየቀኝ። ባለፈው ዓመት ላቦራቶሪህ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ ስንት ቀን ቆመ? ለምን ቆመ? ካርቦን፣ መብራት፣ ኬሚካል፣ ፊርማ፣ ቁልፍ፣ እያልክ ለይልኝ አለ። 1ኛዋ መምህርትም የራሷን ልታመጣ ቃል ገባች። መሐንዲሱ ስምንተኛው እንኳ ሠንጠረዡን እኔ አዘጋጅላችኋለሁ ብሏል።

ማታ የመሣሪያዎቹን መዝገብ ይዤ ቤት ገባሁ። ማሽኑ ሲቆም ቀኑን እጽፋለሁ፣ ሲነሣም እጽፋለሁ። እስከ ዛሬ ደምሬው ግን አላውቅም። ከመስከረም ጀምሬ እየቆጠርኩ ነው። አሁን ጥር ላይ ደርሻለሁ። ሲያልቅ እዚሁ ከሥር አስቀምጠዋለሁ።